የቤንዚንና የዘይት ልኬት በባለ ሁለት ምት ሞተሮች

በየአጥቢያው ቅጽር ትንንሽ ሞተሮች እየበዙ መጥተዋል። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ወይም በሚቆራረጥበት ሥፍራ ለማኅሌትና ለስብከተ ወንጌል ድምፅ ማጉያውን የምታሠራው ትንሿ ጄኔሬተር፣ ቤተ ክርስቲያን ለገቢዋ ያለማችውን ባሕር ዛፍ ለመቁረጥ የሚገዛው የሞተር መጋዝ፣ የቅጽሩን ሣር የሚያጭደው መሣሪያ፣ በአትክልት ልማት የተሰማሩ መነኮሳት በጀርባቸው አዝለው የሚሠሩበት የሞተር መርጫ፣ እንዲሁም በጣናና በዝዋይ ሐይቆች ደሴቶች ወዳሉት ገዳማት የሚመላለሱ ጀልባዎች ሞተር ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ባለ ሁለት ምት፣ መካኒኮች ቱ ስትሮክ የሚሏቸው ናቸው። የሚገዙትም በአብዛኛው ከምእመናን ከተሰበሰበ አሥራት፣ ስእለትና መዋጮ ነው። ስለዚህ የአያያዛቸው ነገር ለመካኒክ ብቻ የሚተው ሳይሆን ሰበካ ጉባኤውም ሊያውቀው የሚገባ ነው።

ይህን ርእስ እንድናነሣ ያደረገን በአንድ የገጠር አጥቢያ የገጠመን ነገር ነው። ሰበካ ጉባኤው ለብዙ ዓመት ያገለገለች ጄኔሬተር ነበረችው። እርሷ ባለ አራት ምት ስለ ነበረች ዘይቷ ከታች ባለው የራሷ ማጠራቀሚያ ይሞላል፤ ከላይ ደግሞ ንጹሕ ቤንዚን ይጨመርባታል። ስታረጅ ሌላ፣ አነስ ያለችና ዋጋዋም ቀለል ያለ ጄኔሬተር ተገዛች። የንግሡ ዋዜማ ሲደርስ ጄኔሬተር የማስነሣት አገልግሎት የተሰጠው ዲያቆን እንደ ልማዱ ከዚያው ጀሪካን ንጹሕ ቤንዚን ሞላባት። ሞተሯ በመልካም ተነሣች፤ ድምፅ ማጉያውም ሠራ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግን ድምፅዋ ተለወጠ፣ ኃይሏ ደከመ፣ በመጨረሻም ቆመች። የማስነሻው ገመድ ቢሳብ አልንቀሳቀስ አለ። ሊቃውንቱ ማኅሌቱን እንደ ጥንቱ በጧፍ ብርሃን አደረሱ፤ በዚያስ የጎደለ ነገር አልነበረም። የጎደለው ገበሬው ከጤፉ ሸጦ ያዋጣው ገንዘብ ነው። ሻጩም ጥፋቱ የአጠቃቀም ነው ብሎ ዋስትናውን አልቀበልም አለ፤ በዚህም ልንወቅሰው አንችልም። ዲያቆኑንም አንወቅስም፤ አዲሷ ከቀድሞዋ እንደምትለይ የነገረው ሰው አልነበረም፤ የመመሪያው መጽሐፍ በውጭ ቋንቋ እንደ ተጻፈ ከነሳጥኑ በዕቃ ቤት ተቀምጦ ነበር።

ሁለቱን ሞተሮች ስለ መለየት

ባለ አራት ምት ሞተር ዘይቱን በሆዱ ይዞ የሚኖር ነው። ዘይቱ ከታች ተጠራቅሞ እየተረጨ የሚንቀሳቀሱትን ክፍሎች ያለሰልሳል፣ ተመልሶ ይወርዳል፤ ሲቆሽሽ ይለወጣል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ይህ ማጠራቀሚያ የለውም። በካርቡራቶሩ የሚገባው የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ወደ ሲሊንደሩ አናት ከመውጣቱ በፊት ክራንክ ሻፍቱ በሚዞርበት በታችኛው ክፍል ያልፋል። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ድብልቁን ወደዚህ ክፍል ይስበዋል፤ ሲወርድ ደግሞ ይገፋውና በጎን ባለው መተላለፊያ ወደ ላይ ይሰደዋል። በዚህ ጉዞ ኩሽኔታዎቹን፣ ቢየላውን፣ ፒስተኑንና የሲሊንደሩን ግድግዳ የሚያለሰልሳቸው በቤንዚኑ ውስጥ የተቀላቀለው ዘይት ብቻ ነው። ዘይቱ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ከነዳጁ ጋር ይቃጠላል፤ የተረፈውም በማርሚታው በኩል ይወጣል። በሆዱ የሚቀርለት ስንቅ ስለሌለው ከእያንዳንዱ ሙሌት ጋር አዲስ ዘይት ሊገባለት ግድ ነው።

ዘይት የሌለበት ቤንዚን ሲሞላበት ወዲያው አይቆምም፤ ተንኮሉም በዚህ ነው። ባለፈው ሙሌት በብረቱ ላይ የቀረው ስስ የዘይት ሽፋን ለጥቂት ጊዜ ያሠራዋል። ያ ሲያልቅ ቤንዚን ራሱ ዘይት አጣቢ በመሆኑ ግድግዳውን አጥቦ ያደርቀዋል። ብረት ከብረት ይፋተጋል፣ ይግላል፤ ከአሉሚኒየም የተሠራው ፒስተን ከሲሊንደሩ አብልጦ ይሰፋና ይጣበቃል። ፋሻው ይሰበራል፣ ግድግዳው ይቧጨራል። በዚህ ጊዜ ጥገናው ከአዲስ ግዥ ብዙም የማይርቅበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

እንግዲህ አንድ መሣሪያ ወደ አጥቢያው ሲገባ የመጀመሪያው ጥያቄ የትኛው ዓይነት ነው የሚለው ይሁን። ከሞተሩ በታች በኩል ዘይት የሚሞላበትና ዘይቱ የሚለካበት ክዳን ካለው ባለ አራት ምት ነው። ይህ ከሌለው፣ በነዳጁ ክዳን ላይም የነዳጅ ማደያና የዘይት ጠብታ ሥዕል ወይም 50፡1 እንደሚለው ያለ ቁጥር ካለበት ባለ ሁለት ምት ነው። በገበያ 950 ዋት እየተባሉ የሚሸጡት ትንንሽ ጄኔሬተሮች በአብዛኛው ባለ ሁለት ምት ናቸው። ሣር ማጨጃዎች ግን ሁለቱም ዓይነት ስላላቸው በመልካቸው መፍረድ አይቻልም።

ሁለት ነገሮች ሰውን ያሳስታሉ። የሞተር መጋዝ ሁለት ታንኮች አሉት። አንደኛው ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚገባበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሰንሰለቱን ለሚያለሰልሰው ዘይት ብቻ የተሠራ ነው። የሰንሰለቱ ዘይት ወደ ሞተሩ ፈጽሞ አይደርስም። «ዘይቱን ለብቻው ሞልቼለታለሁ» ብሎ በሌላው ታንክ ንጹሕ ቤንዚን የሚያደርግ ሰው መጋዙን ያቃጥለዋል። በሌላ በኩል በገጠር ልማት ሥራ በሰፊው የታወቀው ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሳይክል ባለ ሁለት ምት ቢሆንም የተለየ የዘይት ታንክና ዘይቱን በልክ የሚመግብ ፓምፕ አለው። እርሱ ንጹሕ ቤንዚን ይሞላበታል፤ የዘይት ታንኩ ግን እንዳይደርቅ ይጠበቃል።

ስለ ልኬቱ

50 ለ1 ማለት ሃምሳ እጅ ቤንዚንና አንድ እጅ ዘይት ማለት ነው። በአንዳንድ ቦታ «ለአንድ ሊትር 50 ሚሊ ሊትር» ተብሎ ሲተረጎም ሰምተናል፤ ይህ ስሕተት ነው፤ እንዲህ የተቀላቀለ ነዳጅ 20 ለ1 ይሆናል። ትክክለኛው አቆጣጠር ቀላል ነው፦ 1,000ን ለቁጥሩ ማካፈል። 1,000 ለ50 ሲካፈል 20 ይሆናል፤ ስለዚህ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ያስፈልጋል። በዚሁ መንገድ 40 ለ1 ለሊትር 25 ሚሊ ሊትር፣ 33 ለ1 ለሊትር 30፣ 25 ለ1 ለሊትር 40፣ 20 ለ1 ደግሞ ለሊትር 50 ሚሊ ሊትር ነው። አምስት ሊትር በ50 ለ1 ለማዘጋጀት 100 ሚሊ ሊትር፣ በ25 ለ1 ለማዘጋጀት 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል። መመሪያው በመቶኛ ከጻፈ 2 በመቶ ማለት 50 ለ1፣ 4 በመቶ ማለት 25 ለ1 ነው።

የትኛው ልኬት ይያዝ ለሚለው መልሱ በእያንዳንዱ መሣሪያ መመሪያ የተጻፈው ነው። የስቲልና የሁስቅቫርና ኩባንያዎች መጋዞች በራሳቸው ዘይት 50 ለ1 ሲሉ፣ ሌላ ባለ ሁለት ምት ዘይት ከተገዛ ግን ስቲል 25 ለ1፣ ሁስቅቫርና 33 ለ1 እንዲሆን ያዝዛሉ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ይይዛል። አንዳንድ መሣሪያዎችም አዲስ ሆነው በሚሠሩባቸው የመጀመሪያ ሰዓታት ከወትሮው የበዛ ዘይት ይፈልጋሉ። መመሪያው ጠፍቶ፣ ክዳኑም ላይ ቁጥር ከሌለ፣ የሚያውቅ ሰው እስኪገኝ ድረስ 25 ለ1 መጠቀሙ ይሻላል ብለን እናምናለን። ምክንያቱም የዘይት መብዛት ጢስ ያመጣል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ማርሚታውን በጥላሸት ይደፍናል፤ እነዚህ ሁሉ የሚጸዱ ናቸው። የዘይት ማነስ ግን ሞተሩን ራሱን ይወስዳል። ይህ ሲባል ዘይት በበዛ ቁጥር ይጠቅማል ማለት አይደለም።

መለኪያው ላይ ልንቆይ ይገባናል፤ አብዛኛው ጥፋት እዚህ ነውና። በየቦታው ዘይቱ በክዳን፣ በሻይ ብርጭቆ፣ አልፎ አልፎም በአረቄ መለኪያ ሲሰፈር አይተናል። የአረቄ መለኪያ ደግሞ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ባለቤቱ ቸር ከሆነ ይተልቃል፣ ካልሆነም ያንሳል። ከዚህ ይልቅ ከመድኃኒት ቤት ባለ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ያለ መርፌ ቢገዛ፣ በ50 ለ1 አንድ ስሪንጅ ለአንድ ሊትር ማለት ስለሆነ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ አይሳሳትም። በ25 ለ1 ሁለት ስሪንጅ ለሊትር ይሆናል። ሚሊ ሊትር የተጻፈበት የሕፃን ጡጦም ለዚሁ ያገለግላል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ለዘይት የዋለ ጡጦ ምልክት ተደርጎበት ወደ ቤት ፈጽሞ አይመለስ። ቤንዚኑም እንዲሁ በግምት ሳይሆን ሊትሩ በታወቀ ዕቃ ይሰፈር። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን እስከ አፉ ሲሞላ ከ5 ሊትር ሊበልጥ ስለሚችል ማደያው የቀዳውን ሊትር መያዙ ይበልጥ የታመነ ነው።

ስለ ዘይቱ ዓይነት

ለባለ ሁለት ምት ሞተር የሚሆነው ዘይት 2ቲ ተብሎ የሚሸጠው ነው። በዕቃው ላይ ጃሶ ኤፍቢ፣ ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ፣ አለዚያም ኤፒአይ ቲሲ የሚል የደረጃ ምልክት ቢኖርበት መልካም ነው፤ ከጃሶዎቹ ኤፍዲ ከሁሉ የላቀው ነው። ለጀልባ ሞተር የሚሠራውና ቲሲ ደብልዩ 3 የሚል ምልክት ያለው ዘይት ግን በውኃ ለሚቀዘቅዙ ሞተሮች የተዘጋጀ በመሆኑ በአየር ብቻ በሚቀዘቅዝና እጅግ በሚግል መጋዝ ወይም ጄኔሬተር ላይ አይመከርም። በሐይቅ ዳር ያሉ ገዳማት ጀልባውም መጋዙም ስላላቸው ሁለቱን ዘይቶች ለይተው እንዲያስቀምጡ እናሳስባለን።

የመኪና ዘይት፣ አርባ ይሁን ሃያ ሃምሳ፣ ለዚህ አይሆንም። እርሱ በሞተር ሆድ ለብዙ ጊዜ እንዲቆይ እንጂ እንዲቃጠል አልተሠራም፤ ከቤንዚንም ጋር በደንብ አይዋሐድም፤ በውስጡ ያሉት ማዕድናት ሲቃጠሉ አመድ ሆነው በፒስተኑ አናትና በካንዴላው ላይ ይቀመጣሉ። ከሁሉ የከፋው ከመኪና ተለውጦ የወጣ የተቃጠለ ዘይት ነው፤ የብረት ብናኝ ተሸክሞ ስለሚገባ ሞተሩን ከውስጥ ይሞርደዋል። በነጻ የተገኘ መስሎ ውድ ነው።

አቀላቀሉን በተመለከተ፣ ድብልቁ በመሣሪያው ታንክ ውስጥ አይዘጋጅ። ዘይቱ ከታች ወርዶ ሊቀመጥና በመጀመሪያ ወፍራም ዘይት፣ በኋላም ባዶ ቤንዚን ሊገባ ይችላል። በንጹሕ ጀሪካን አስቀድሞ ከሚፈለገው ቤንዚን ግማሹ ይገባል፤ ቀጥሎ ዘይቱ በሙሉ ይጨመርና ክዳኑ ተጠብቆ በደንብ ይናጣል፤ ከዚያ የቀረው ቤንዚን ተጨምሮ እንደገና ይናጣል። በየሙሌቱም ፊት ጀሪካኑን መነቅነቅ ነው። ወደ ታንኩ ሲፈስ በንጹሕ ማጣሪያ ይለፍ፤ የካርቡራቶሩ ቀዳዳ እጅግ ቀጭን ስለሆነ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትዘጋዋለች።

ስለ ጀሪካኑ

በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ጀሪካንና የፕላስቲክ ጠርሙስ ከማንኛውም ሥፍራ የተለየ ትርጉም አላቸው። ጠበል የሚቀዳው፣ የሚቀመጠውና ለሕመምተኛ የሚወሰደው በእነርሱ ነው። ጾመኛው ከቅዳሴ በኋላ፣ አረጋዊቱም እናት ከሩቅ መጥተው፣ በዕቃ ቤቱ ደጅ የተቀመጠውን ጠርሙስ አንሥተው አንድ ጊዜ ሊጎነጩ ይችላሉ። ባለ ሁለት ምት ዘይት ብዙ ጊዜ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀለም ይቀላቀልበታል፤ ይህም ነዳጁን ለመለየት ቢረዳም በሕፃን ዓይን ለስላሳ መጠጥ ያስመስለዋል። ቤንዚን የተጠጣ እንደሆነ ትልቁ አደጋ ወደ ሳንባ መግባቱ ነው፤ ስለዚህ የጠጣውን ሰው ለማስመለስ መሞከርም ሆነ ወተት አጠጥቶ መጠበቅ ስሕተት ነው፤ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ሊወሰድ ይገባል። ነዳጅን በጎማ ቱቦ በአፍ መሳብም በዚሁ ምክንያት ይቅር።

ከዚህ የተነሣ ለነዳጅ የሚውለው ጀሪካን የጠበሉን ጀሪካን በመልክ የማይመስል፣ ለነዳጅ ተብሎ የተሠራ፣ ቢቻል ቀይ እንዲሆን፣ ከጠበሉ ሥፍራና ከደጀ ሰላሙ እንዲርቅ፣ በቁልፍም እንዲጠበቅ አጥብቀን እንመክራለን። የውኃ ጠርሙስ ለነዳጅ ከቶ አይዋል። በጀሪካኑ ላይ በማይለቅ ቀለም የድብልቁ ልኬት፣ የተቀላቀለበት ቀንና የመሣሪያው ስም ይጻፍ። ንጹሑ ቤንዚን በሌላ ጀሪካን ይሁን። ሁለቱ ተምታትተው ጥርጣሬ ከተፈጠረ ከእሳት ርቆ ከነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ማድረግ ነው፤ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ ዘይት ያለበት ግን ቅባት ጥሎ ይቀራል። ይህ ዘይት መኖሩን እንጂ ልኩን አያሳይም።

እሳትን በሚመለከት፣ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በመሬት ላይ እየተሳበ ሄዶ ርቆ ካለ ጧፍ፣ ሻማ ወይም የጽና ፍም ሊደርስ ይችላል። ስለሆነም ንዋየ ቅድሳትና የብራና መጻሕፍት በሚቀመጡበት ዕቃ ቤት ነዳጅም ሆነ ነዳጅ ያለበት ሞተር አይቀመጥ። ብዙ አጥቢያዎች ይህን የሚያደርጉት በቁልፍ የሚዘጋ ሌላ ክፍል ስለሌላቸው እንደሆነ እናውቃለን፤ በቅጽሩ ጥግ አየር የሚገባባት ትንሽ የቆርቆሮ መጠለያ መሥራት ግን ብዙ ወጪ የለውም። ሞተር እየሠራ ወይም ገና ሳይበርድ ነዳጅ አይጨመርበት። ጄኔሬተር ዝናብ ሲሆን ወደ ቤተ ልሔም ወይም ወደ ሌላ ክፍል ተስባ የምትሠራበትም ልማድ ይቅር፤ ሽታና ቀለም የሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ በዝግ ክፍል ውስጥ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል።

ጢስ ሲበዛ

ከደጋው አጥቢያዎች ደጋግሞ የሚደርሰን አቤቱታ ጢስ በዛ፣ ኃይል አነሰ የሚል ነው። መፍትሔ ተብሎ የሚደረገውም ዘይቱን መቀነስ ነው። ይህ ልማድ በተለይ ሊታረም ይገባዋል። ከፍታው በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር ሞተር ከኃይሉ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። 2,800 ሜትር ገደማ በሚሆነው በደብረ ብርሃን አካባቢ የምትሠራ ጄኔሬተር ከባሕር ወለል ላይ ከምትሰጠው ኃይል ሩቡን ያህል ታጣለች ማለት ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራቶሩ የሚሰጠው ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጥቁር ጢስና የረጠበ ካንዴላ የሚመጡት ከዚህ ነው። የተረፈው ቤንዚን እንጂ ዘይቱ አይደለም፤ ስለዚህ የሚስተካከለው ካርቡራቶሩ ነው፤ እርሱም በመካኒክ። ከዚያ በፊት የአየር ማጣሪያው መታጠቡን ማየት ይገባል፤ በበጋ አቧራ የታፈነ ማጣሪያም ይህንኑ ምልክት ያሳያል። ልኬቱ ግን በደጋም በቆላም ያው ነው። በሳጥኑ ላይ 950 ዋት ቢጻፍም ያለ ማቋረጥ የምትሰጠው ከዚያ ያነሰ መሆኑን ተረድቶ ጭነቱን መቀነስም ያስፈልጋል።

ከበዓል እስከ በዓል

የአጥቢያ ሞተር ከሌላው ሞተር የሚለየው በዓመት ጥቂት ቀን ሠርቶ ብዙ ወር መቀመጡ ነው። የተቀላቀለ ነዳጅ ከአንድ ወር በላይ ባይቆይ ይመረጣል፤ ሲቆይ ቤንዚኑ ቀላል ክፍሉን እያጣ ይደክማል፣ በካርቡራቶሩም ውስጥ እንደ ሙጫ ይደርቃል። በመሆኑም ለአንድ በዓል የሚበቃ ያህል ብቻ ይቀላቀል። በዓሉ ሲያልፍ ታንኩ ይገልበጥ፤ ከዚያ ሞተሩ ተነሥቶ በካርቡራቶሩ የቀረውን ጨርሶ ራሱ እስኪቆም ይሥራ።

ምናልባት ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ጄኔሬተሩ በንጹሕ ቤንዚን እየሠራች እንደሆነ አሁን ተገንዝቦ ይሆናል። ያን ጊዜ ወዲያው ያጥፋት። ገመዱን እየደጋገመ አይሳብ። ከበረደች በኋላ ታንኩንና ካርቡራቶሩን ያራግፍ፤ ካንዴላውን ፈትቶ በቀዳዳው ጥቂት ጠብታ ባለ ሁለት ምት ዘይት ያድርግና ገመዱን በዝግታ ይሳበው። በቀላሉ የምትዞር ከሆነ ካንዴላውን መልሶ፣ በትክክል የተቀላቀለ ነዳጅ ሞልቶ፣ ያለ ጭነት ለጥቂት ደቂቃ ያሠራት። መዞር ካቃታት ግን በጉልበት አያንቀሳቅሳት፤ ፋሻው ብቻ ተይዞ ከሆነ መካኒክ ሲሊንደሩን ከፍቶ ሊያድናት ይችላል፤ በኃይል የተሳበ ገመድ ግን ያልተቧጨረውን ግድግዳ ይቧጭራል። ቄሰ ገበዙ ወይም የንብረት ክፍሉ ኃላፊ በመሣሪያው መጠለያ ግድግዳ ላይ የሚከተለውን በትልቅ ፊደል ጽፈው ቢለጥፉ መልካም ነው፤ ቁጥሮቹ እንደየመሣሪያው መመሪያ ይለወጣሉ፦

«ይህ ሞተር ባለ ሁለት ምት ነው። ንጹሕ ቤንዚን አይሞላበትም። ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ባለ ሁለት ምት ዘይት፣ ማለትም 1 ስሪንጅ። ከመሙላት በፊት ጀሪካኑ ይነቅነቅ። የተቀላቀለበት ቀን ______። ያቀላቀለው ______።»